ያልመለሰችው ባና

«አልመለስኩም እያልኩዎት ነው፣ ጋሼ! በየትኛው አፌ ነው የመለስኩት?»

«ልጄ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰምቷል።»

«አዳራሽ ሙሉ ሰው የሰማው ማይኩን ነው። እኔን ማን ሰማኝ?»

ሊቀመንበራችን እስክሪብቷቸውን ጠረጴዛው ላይ አንከባለሉና ከጫፍ ሊወድቅ ሲል ያዙት። ዕድሜያቸውን ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ የማይመልሱት ጥያቄ ሲመጣባቸው እጃቸው ሥራ ይፈልጋል። ንብረት ያዣችን ግድግዳውን ተደግፎ የመጋዘኑን ቁልፍ በጣቱ ያሽከረክራል። እኔ የክበባችን የመጪ ዓመታት ዕቅድ ከተለጠፈበት ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ያን ቀን ማይኩን ይዤ የነበርኩት እኔ ነኝ።

ልጅቷ የምትጠይቀው አንድ ባና ነው። ጥቁርና ነጭ ሰንበር ያለው፣ በአቀስታ ብርድ ካደገ በግ ጠጉር የተሠራ ከባድ ብርድ ልብስ። አንዱ ጥግ ላይ በቀይ ክር ተሰፍቶ ነበር።

ክበባችን ትንሽ ናት። መካነ ሰላም ውስጥ፣ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ፣ የቆርቆሮ በሯ ከሥር ስለሚይዝ ከፍ አድርገው ካልገፉት የማይዘጋ አንዲት ክፍል ተከራይተናል። በዚች ክፍል እየተሰበሰብን ምንጭ አጥረናል፣ የደካሞችን ጣሪያ ቆርቆሮ አልብሰናል፣ የተሰበረ ዴስክ ጠግነናል። የዕቅዱ ራስ ላይ ያለው ግን ድልድይ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ወንዙ ሞልቶ ከወዲያ ማዶ ያሉ ተማሪዎች ሳምንት ሙሉ ይቀራሉ፤ ገበያተኛው እህሉን ተሸክሞ ዳር ቆሞ ይውላል። በሽቦ የሚንጠለጠል የእግረኛ ድልድይ ልንሠራ አስበናል። ከዕቅዱ ግርጌ ደግሞ በትንንሽ ፊደል «የንባብ ቤት» ተብሎ ተጽፏል። እሷን ያስጨመርኩ እኔ ነኝ። ክበቡ ውስጥ የቆየሁትም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለእሷ ብዬ ነው። የምጽፈውን የማነብበት፣ የሌላውን የማነብበት አንድ ጠረጴዛ እፈልግ ነበር።

ለድልድዩ ገንዘብ ለማሰባሰብ የትምህርት ቤቱን አዳራሽ ለምነን ጨረታ አዘጋጀን። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ጨረታ ላይ ዕቃ የሚሸጠው እንዲወሰድ አይደለም። ያሸነፈው ሰው ይከፍልና «ለክበቡ መልሻለሁ» ይላል፤ እልልታው ይቀልጣል፤ ዕቃው እንደገና ለጨረታ ይቀርባል። አንድ ጥላ በአንድ ከሰዓት አራት ጌታ ሲቀያይር አይቻለሁ። ይዞ የሚሄድ ሰው አልተከለከለም። ግን ይዞ የሄደ ሰውም አላየሁም።

ባናውን የምትጠይቀው ልጅ ከሳዑዲ ከተመለሰች ገና ሳምንታት ቢሆናት ነው። ጥቁር አባያ ለብሳ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። በጉ ሲሸጥ ዝም፣ ጥላው ሲሸጥ ዝም አለች። ባናው ከፍ ሲል ግን ብድግ አለች።

«አቦ፣ ሪያል ተነሣ!» አለ አንዱ ከጎን። ሰው ሳቀ። አንድ የእህል ነጋዴ ለጨዋታ ብሎ ጨመረባት። ጨመረች። ጨመረ። ጨመረች። ወደ ነጋዴው አላየችም፣ ወደኔም አላየችም፤ ዓይኗ ቀይ ክሩ ላይ ነበር። ያኔ እኔ የታየኝ ጉራ ብቻ ነው። ከዓረብ አገር የመጣ ሰው ሲጫረት ጉራ ነው ብሎ ማሰብ ለኔ ቀላል ነበር።

አሸነፈች። እኔም ማይኩን ወደ አፌ አስጠግቼ እንዲህ አልኩ፦

«ባሕር ተሻግራ፣ ለፍታ ያገኘችውን፣
ወንዝ ላቃተው ልጅ፣ መለሰች ባናውን!»

አዳራሹ ተናጋ። እልልታ፣ ጭብጨባ፣ የእግር ድምፅ። አፏን ከፈት ስታደርግ አይቻታለሁ። ከዚያ ዘጋችው። ነጋዴው ባናውን እንደገና ተጫርቶ ወሰደና እሱም መለሰ። እሷ መጨረሻውን ሳትጠብቅ ወጣች። ትሕትና መሰለኝ።

ግጥሟ ከሳምንት በፊት የተጻፈች ናት። ከስደት የተመለሰች አንዲት ሴት አንድ ነገር እንደምታሸንፍ አውቄ አዘጋጅቻት ነበር። የዕቃውን ስም ብቻ ክፍት ትቼዋለሁ።

አሁን ያቺ ሴት ጠረጴዛው ፊት ቆማለች።

«እሺ፣ ባናው የት አለ?»

«መጋዘን ነበር» አለ ንብረት ያዡ።

«ነበር?»

«ቁልፉ የኔ ነው፣ እቴ። በሩ ግን የሁላችን ነው።»

«በአላህ! እንዲህ ያለ ንብረት ያዥ አይቼ አላውቅም።»

ሊቀመንበሩ እጃቸውን ዘረጉ። «ልጄ፣ የከፈልሽውን እንመልስልሽ። እኛ ዘንድ የሰው ሐቅ አይቀርም።»

«ገንዘቡን ማን ጠየቀዎት?» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «እናቴ ናት የፈተለችው። በደወልኩ ቁጥር ‹ይኸን ያህል ፈተልኩልሽ› ትለኛለች። እጇ እንደሚያማት አውቃለሁ፤ ተይ እላታለሁ፤ ‹ያንቺ አገር ሙቀት ነው፤ ስትመጪ ብርዱ ይገድልሻል› ትለኛለች። ጨርሳ አሠርታው ሞተች። ቀብሯ ላይ አልደረስኩም። ወንድሜ ለነፍሷ ሰደቃ ይሁን ብሎ ለናንተ ሰጠ፤ አልፈርድበትም። እኔ ግን በአዳራሹ ሰው ፊት ገዛሁት።»

እኔ ጫማዬን አየሁ።

«የገበያ ቀን እመለሳለሁ» አለች። «ጂዳ ያሉት እህቶቼ ለድልድዩ እንዲያዋጡ ተነጋግረን ነበር። መጀመሪያ ባናው ይምጣ።»

ወጣች። በሩን እንደተከፈተ ተወችው። ንፋሱ ገብቶ የዕቅዱን ወረቀት አርገበገበው።

ያኔ ነው ያየሁት፦ ሊቀመንበሩና ንብረት ያዡ ተያዩ። የሁለት ሰው ዓይን እንዲህ የሚገናኘው አንድ ነገር አብሮ ሲያውቅ ነው። ቀና ስል ሁለቱም ወደሌላ ዞሩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም አጣሁ። ባናውን ሊቀመንበሩ ወስደውታል ብዬ ደመደምኩ። ልጃቸው በቅርቡ ደሴ ተድራለች፤ ለሷ ሰጥተዋት ይሆናል። ወይም አልጋቸው ላይ ነው። ወይም ለአንድ ባለሥልጣን እጅ መንሻ ሰጥተውታል። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ግጥም በምጽፍበት ገጽ ጎን የጠረጠርኩትን መጻፍ ያዝኩ። ስለ ባናው ሲነሣ ንብረት ያዡ እንደሚያስል፣ ሊቀመንበሩ «እስቲ ስለ ድልድዩ እናውራ» እንደሚሉ። ስለ ባናው የጠየቅኩት ሰው ሁሉ የሚያውቀውን የሚደብቅ መሰለኝ።

አንድ ከሰዓት የሪፖርት ረቂቅ ላስነብብ ብዬ ቤታቸው ሄድኩ። መነጽራቸውን ሊያመጡ ወደ ጓዳ ገቡ። አልጋው ሳሎኑ ጥግ ላይ ነው፤ ከአልጋ ልብሱ ሥር የጠጉር ጠርዝ ብቅ ብሏል። ተነሣሁ። ሁለት እርምጃ ሄጄ ገለጥኩ። አሮጌ ግራጫ ብርድ ልብስ ነው፣ መሐሉ ላይ የተቃጠለ ቀዳዳ ያለው።

«ምን ጠፋብህ?»

ከጓዳው በር ላይ ቆመዋል። መነጽሩን አድርገውታል።

«ብዕሬ፣ ጋሼ። እዚህ የወደቀ መስሎኝ…»

«ጆሮህ ላይ ነው።»

በእጄ ዳሰስኩት። እውነት ጆሮዬ ላይ ነበር።

አልተቆጡም። ተቆጥተውኝ ቢሆን በወደድኩ። «ሻይ ጠጣ» አሉና ረቂቄን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብበው ሁለት ቦታ ላይ አረሙልኝ። ስወጣ ግን ጥርጣሬዬ አልቀነሰም። ይህን ያህል ዝም ያለ ሰው፣ አልኩ፣ በደንብ የሚደብቅ ሰው ነው።

ይልቅ ጥርጣሬው ወደኔ ዞረ። ንብረት ያዡ ሻይ ቤት ውስጥ ሰው በተሰበሰበበት፣ «ገጣሚ ብርድ አይችልም ይላሉ፤ እውነት ነው?» አለኝ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ቤት ገብቼ እናቴ ሣጥን ውስጥ ያለውን ልብስ አስቤ ፈራሁ፤ መጥተው ቢፈትሹ ምን እንደሚገኝ የማላውቅ ይመስል።

ከገበያው ቀን በፊት በነበረው ቀን ቅሬ ተጠራ። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንላለን፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ነው የሚቀብረው፤ ከየቤቱ አንድ ሰው ካልወጣ ይቀጣል። የሞቱት ከከተማው ዳር የሚኖሩ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። አባቴ ስላመመው እኔ ወጣሁ። ያካፋል። ቃሬዛው ከፊት ይሄዳል፤ ተሸካሚዎቹ ይቀያየራሉ። ተራዬ ሲደርስ ትከሻዬን አስገባሁ። የሽፋኑ ጫፍ ፊቴ ላይ ተንጠለጠለ። የረጠበ የበግ ጠጉር ሸተተኝ።

ጥቁርና ነጭ ነው። ጥጉ ላይ ቀይ ክር አለው።

እግሬ ተንሸራተተ። «አይዞህ፣ አይዞህ፣ ትከሻህን አጥብቅ» አለኝ ከኋላዬ ያለው።

ከቀብር በኋላ የቅሬውን ዳኛ ለብቻቸው አገኘኋቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ በሰው ጠብ መሐል ገብተው ዱዓ አድርገው የሚያስታርቁ። ባናውን ከአንድ ሰው ጋር ሆነው ያጥፋሉ።

«አባባ፣ ይህ ባና ከየት መጣላችሁ?»

«ከናንተው ነው እንጂ። ሊቀመንበርህ ሰጡን። የበፊቱ ሽፋን ነትቦ ሟቹን ዝናብ ሲመታው አይተው አዘኑ።»

«ባለቤቷ እየፈለገችው እኮ ነው።»

«ሰምተናል። ራሳቸው ሊቀመንበርህ መጥተው ነግረውኛል።»

«ታዲያ ለምን አይነግሯትም? ከተማው በነገር እየተበጠበጠ!»

ባናውን ክንዳቸው ላይ አስቀምጠው በእርጋታ አዩኝ። «ምን ብለው ይንገሯት? ከስደት የገባች፣ ገና ትዳር ያልያዘች ልጅ፤ ‹እናትሽ ላንቺ የፈተለችው ሬሳ ለበሰው› ይባላል? ሦስት ሰው ተሸኝቶበታል። ብትወስደው አልከለክላትም፤ ግን በምን አንጀቷ ተኝታ ታድራለች? ዝም ይበሉ ያልኳቸው እኔ ነኝ። እሳቸውም ‹እሺ፣ ሌባ ይበሉኝ› አሉ።» ባናውን ወደ ብብታቸው ሰብሰብ አድርገው፣ «አንተም ዝም በል፣ ልጄ» አሉኝ።

እሺ አልኩ። መንገድ ላይ ግን ነገሩን እንደገና ማኘክ ያዝኩ። ይህ ለሊቀመንበሩ የሚመች ታሪክ አይደለም? ሌባ ከመባል ይልቅ አዛኝ መባልን ማን ይጠላል? ዳኛውስ ሽፋኑ እንዳይወሰድባቸው ቢሆንስ? ደግሞ፣ እኔስ፦ እውነቱን ብነግራት የማልወደድበት ምን ምክንያት አለ? ቤቴ ስደርስ ልነግራት ወስኜ ነበር። ለእውነት ብዬ ነው ብያለሁ ለራሴ። ወሬው ባናው የት እንደሄደ ላይ ከተጠመደ ማይኩን ማን እንደያዘ የሚያስታውስ አይኖርም ብዬ ማሰቤን የተረዳሁት ኋላ ነው።

የገበያው ቀን በጠዋት መጣች። እኛ ሦስታችን አለን፤ ተንቀሳቃሹ ድምፅ ማጉያ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። በየገበያው ይዘነው ወጥተን ስለ ድልድዩ እንለፍፋለን፤ ያን ቀንም ልንወጣ ነበር።

ሊቀመንበሩ ተነሥተው ተቀበሏት። «ልጄ፣ አስቤበታለሁ። አቀስታ የታወቀ ሸማኔ አለ። ከዚያ የተሻለ ባና በራሴ ወጪ አሠርቼ…»

«አዲስ ባና ገበያው ሞልቶታል፣ ጋሼ።»

«እሱስ ልክ ነሽ፣ ግን…»

«ቅሬው ዘንድ ነው» አልኩ እኔ። «የሬሳ ሽፋን ሆኗል። ትናንት ራሴ ተሸክሜበታለሁ።»

ንብረት ያዡ ቁልፉን ማሽከርከር አቆመ። ሊቀመንበሩ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ሲገልጡት ወደኔ አዩ። አልጋቸውን ስገልጥ ያዩኝን አስተያየት ነው ያዩኝ።

እሷ በዝግታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ከውጭ የሚጓተት በግ ድምፅ ይሰማል።

«ማን ማን ተሸፈነበት?» አለች።

ሊቀመንበሩ በጣታቸው ቆጠሩ። «ትናንት ሽማግሌው ገበሬ። ከዚያ በፊት የልብስ ሰፊው ሚስት፣ በወሊድ የሞተችው። መጀመሪያ ደግሞ ዓይነ ስውሩ መሪጌታ።»

«መሪጌታው? ቤተ ክህነቱ ሥር ይቀመጡ የነበሩት?»

«እሳቸው።»

«እናቴ እርጎ ትወስድላቸው ነበር» አለች። «በልጅነቴ እኔን ነበር የምትልከኝ። ‹ማናት?› ይሉኝና ስሜን ስነግራቸው፣ ‹እርጎዋ ከስሟ ቀድማ ሸተተችኝ› ይላሉ።» ሳቅ ሊመጣባት ነበር፤ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘችው። ከዚያ፣ «እንግዲያ ይቆይ» አለች።

«ልጄ…»

«ይቆይ አልኩ፣ ጋሼ። ከመሪጌታው ላይ ገፍፌ እለብሳለሁ?»

«አላህ ይስጥሽ» አሉ ሊቀመንበሩ፣ ማዕተባቸውን እየነካኩ። ንብረት ያዡ በረጅሙ ተነፈሰ። እኔም ተነፈስኩ። በውስጤ ደግሞ፣ ምን ይደረግ፣ አንድ ስንኝ መፈጠር ጀምሮ ነበር።

«ግን አንድ ነገር ቀርቷል» አለች። ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደኔ ዞረች። «‹መለሰች› ያለው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሰምተኸኝ ነው?»

«አይ። አፍሽን ከፈት ስታደርጊ ነው ያየሁት። ግጥሙ… አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር።»

«አስቀድሞ።» ራሷን ነቀነቀች። «ሳዑዲ ስሠራ እመቤቲቱ ስለኔ ነበር የምትናገረው። አልደከማትም፣ ርቧት አያውቅም፣ አገሯ አይናፍቃትም። እኔ አጠገቧ ቆሜ። አገሬ ስገባ ይህ ያልፋል ብዬ ነበር።» ጠረጴዛው ላይ ያለውን ድምፅ ማጉያ በጣቷ ወደኔ ገፋ አደረገችው። «ዛሬ ገበያ ነው። ይዘኸው ውጣ። ‹ያን ቀን አልመለሰችም፤ ሳትናገር ተናገረች ብዬ ዋሸሁባት› በል። ስትጨርስ ማይኩን ስጠኝ። እኔ በራሴ አፍ ለቅሬው እሰጠዋለሁ። ስለ ድልድዩም ያኔ ለእህቶቼ እናገራለሁ። ሌላ ነገር አልፈልግም።»

ትንሽ ነገር ነው የጠየቀችኝ። አሁን ሳስበው ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ቤት የማይመታ፣ ማንም የሚችለው። ያኔ ግን ገበያው ታየኝ። ያ ነጋዴ ቆሞ ሲስቅ፣ ሻይ ቤቱ ውስጥ «ውሸታሙ ገጣሚ» ሲባል። ከዚህ በኋላ ማይክ የሚሰጠኝ ይኖር ይሆን? ቀና ብዬ የዕቅዱን ግርጌ አየሁ። ደግሞ ጠረጠርኳት፤ አዎ፣ ያን ጊዜም። ልታዋርደኝ ፈልጋ ይሆን አልኩ። ሊቀመንበሩ «ውጣ» እንዲሉኝ ወይም «ተው» እንዲሉኝ ጠበቅኩ። ወደኔ አላዩም። እስክሪብቷቸውም እጃቸው ላይ አልነበረም።

«‹አለመግባባት ተፈጥሮ ነበር› ብንልስ?» አልኩ።

አየችኝ። ቁጣ አላየሁባትም። አዳራሹ ውስጥ እልልታው ሲቀልጥ እንዳደረገችው አፏን ከፈት አደረገች፤ ከዚያ ዘጋችው። ነጠላዋን አስተካከለች፣ ቦርሳዋን ከወንበሩ ጀርባ አነሣች፣ ሊቀመንበሩን ጎንበስ ብላ ተሰናበተች። በሩ ጋ ስትደርስ እንደ ባለፈው ክፍት ትታው ትሄዳለች ብዬ ነበር። ወጥታ ዞረች፣ እጀታውን በሁለት እጇ ይዛ ቆርቆሮውን ከመሬት ከፍ አደረገችና ገጥሞ እስኪቆም ድረስ ዘጋችው።